አምባሻ እከሌ

ሽሮው መንተክተክ ሲጀምር ስልኩ ጮኸ። «ስለ አምባሻ እከሌ ነበር የደወልኩት። ዛሬ እንዴት ዋለች?» አለች የእንስሳት ክሊኒኩ ልጅ።

እከሌ ያልኩት አባቴን ነው። ስማቸውን እዚህ አልጽፈውም፤ እስካሁን የደረሰበት ይበቃዋል። አምባሻ ደግሞ ኤሊ ናት፤ ቡና በምንመዝንበት ሚዛን 52 ግራም የምትመዝን ጫጩት ኤሊ። «ደህና ናት» ብዬ ዘጋሁ። ሽሮው እስኪያር ድረስ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። ጎረቤቶቻችን ወደ ቴክሳስ ሲሄዱ ኤሊያቸውን ለልጄ ትተውላት ሄዱ። ጀርባዋ ቢጫ ነው፤ መስመር መስመሩ ደግሞ ቡናማ። ልጄ ምጣድ ላይ ጠርዙን እሳት የነካካው አምባሻ ትመስላለች ብላ ስሙን አወጣችላት። እስከዚህ ድረስ ቅሬታ የለኝም። ጀርባዋ ከ4 ኢንች ያነሰ ኤሊ መሸጥ እዚህ አገር ከ1975 ጀምሮ ክልክል መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ለካ ሕፃናት አፋቸው ውስጥ እየከተቷት በሳልሞኔላ ይታመሙ ነበር። የኛዋ ሁለት ኢንች ተኩል ነች፤ ደግነቱ አልገዛናትም።

ዝርያዋ ከሴኔጋል ተነስቶ የሰሐራን ደቡባዊ ጠርዝ ይዞ እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ የሚዘልቀው የደረቅ አገር ኤሊ ነው። ከዱር የተያዙትን ለንግድ ወደ ውጭ መላክ ከ2000 ወዲህ ስለታገደ፣ እዚህ የሚገኙት ባብዛኛው እዚሁ የተፈለፈሉ ናቸው። ስለዚህ እሷም እንደ ልጄ ናት፤ ዘሯ ከዚያ፣ ልደቷ ከዚህ። በአማርኛ ሲጠሯት አለመስማቷም ያው እንደ ልጄ ነው።

መታመሟ የኔ ጥፋት ነው፤ አልክድም። የመብራት ሒሳቡን አይቼ ማታ ማታ የማሞቂያ አምፖሏን ማጥፋት ጀመርኩ። ይህን የሚያህል ጋሻ ለብሳ ምን ይበርዳታል ብዬ ነው። በአራተኛው ቀን መብላት አቆመች። ዓይኗን ጨፈነች። ጠጋ ብዬ ሳያት በአንደኛው አፍንጫዋ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል አረፋ አለች፤ ስትተነፍስ ትነፋለች፣ ትፈነዳለች፣ ደግሞ ትነፋለች።

አማቴ ከአዲስ አበባ መጥተው እኛ ዘንድ ነበሩ። አንዴ አዩዋትና «ምች ነው የመታት» አሉ። በረንዳ ላይ በጣሳ ካበቀሉት ዳማከሴ ቀንጠስ አድርገው በመዳፋቸው አሹ። ቀጥለው ቅቤ እንዳመጣላቸው አዘዙኝ። «እርግብግቢቷ የቱ ጋ ነው?» ብለው ጀርባዋን በጣታቸው ሲዳስሱ ልጄ ጮኸች፤ ኤሊዋ ተሸፍና ወደ ክሊኒክ ተወሰደች።

ሐኪሟ ሳንባዋ ተመርዟል አለችን። ኤሊ እንደኛ ሳንባን ከታች የሚገፋ ድያፍራም ስለሌላት አትስልም፤ አክታው ከገባ ገባ ነው። በየ72 ሰዓቱ መርፌ፣ በየቀኑ 20 ደቂቃ ለብ ባለ ውሃ መዘፍዘፍ፣ ማታም የማይጠፋ ሙቀት፣ ቀን ደግሞ ፀሐይ። ፀሐይ! አማቴ ይህን ሲሰሙ ሐኪሟን እንደ ጠንቋይ አዩዋት፤ ምች ለመታው ሰው ፀሐይ? ሰባቱንም ልጆቻቸውን ጠዋት ጠዋት ቅቤ ቀብተው ፀሐይ ያሞቁ ሴት ናቸው እንግዲህ። እኔም መስኮት ሥር አስቀምጣት እንደነበር ስናገር ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። መስታወቱ ሙቀቱን ያሳልፋል፣ ለአጥንትና ለቅርፊት የሚሆነውን ጨረር ግን ያስቀረዋል። ለካ ሦስት ወር ሙሉ ስናሞቃት የኖርንበት ብርሃን ለመልክ ብቻ ነው።

ይኼ ሁሉ ይሁን። ያልተዋጠልኝ ቅጹ ነው። ተቀባይዋ «የቤተሰብ ስም?» ስትላት ልጄ ምንም ሳታስብ «እከሌ» አለች።

በኛ ደንብ አምባሻ እከሌ ማለት የእከሌ ልጅ አምባሻ ማለት ነው። የእከሌ ልጆች ደግሞ እኔ፣ ሁለት ወንድሞቼና ደሴ ያለችው እህቴ ነን። አባቴ ካረፉ ከ11 ዓመት በኋላ አምስተኛ ልጅ አገኙ ማለት ነው፤ ለኔም ታናሽ እህት። የደሴው ቤት ውርስ እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ነገሩን ለእህቴ በስልክ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ዝም አለች፣ ከዚያ «እና ድርሻ ትጠይቃለች?» አለችኝ። እየቀለደች ይመስለኛል።

እስቲ ከሥሩ እንየው። እዚህ አገር ስገባ ሁለተኛውን ስም የቤተሰብ ስም አደረጉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ሚስተር እከሌ ነኝ። አባቴ ከወሎ ብዙም ርቀው አያውቁም፤ እዚህ ግን ጥርሳቸውን እንዲያሳጥቡ በየስድስት ወሩ ማስታወሻ ይላክላቸዋል። መሪ ጨብጠው የማያውቁት ሰው መኪና ያለ ቦታው አቁመው ተቀጥተዋል። በሕይወት እያሉ ለመድኃኒት ገንዘብ ልልክላቸው ስሄድ መስኮቱ ጋ ያለው ልጅ ላኪውም ተቀባዩም እከሌ ሆነበትና «ለራስህ ነው የምትልከው?» ብሎኛል። ባለቤቴ እንደ አገሯ ወግ ያባቷን ስም ይዛ ቀጥላለች። ስለዚህ ልጃችንን ትምህርት ቤት ስናስመዘግብ በትሕትና ተፋታችሁ ወይ ተብለናል። አማቴ ደግሞ የማንም ስም አይገባቸውም፤ ፖስታ በመጣ ቁጥር የሞተ ሰው ደብዳቤ ሲጻፍለት ደስ አይልም ብለው ያማትባሉ።

የሴንት ሄሌና ደሴቱን ኤሊ ጆናታንን እዩ። በ1832 ገደማ ተፈለፈለ ተብሎ ይገመታል፤ አፄ ምኒልክ እንኳ የተወለዱት በ1844 ነው። በ1930ዎቹ የደሴቱ አገረ ገዢ ስም ሲያወጣለት ጆናታን ብሎ ተወው። በ2022 190ኛ ዓመቱ ሲከበርለትም ጆናታን የማን ብሎ የጠየቀ የለም።

ልጄስ? አገር ቤት ብትወለድ ከስሟ ቀጥሎ የኔ ስም ይመጣ ነበር። ጠዋት ስም ሲጠራ መምህሩ በቀን አንዴ እኔን ይጠራኝ ነበር። እዚህ ግን ከአያቷ ጋር ሲያገናኟት እኔን ከመሃል አወጡኝ። የወለድኩት እኔ፣ ሌሊት ያባበልኩት እኔ፣ ስሟ ላይ ግን የለሁም! ማዋለጃ ክፍል ቅጹን ያመጣችው ሴት «ከፈለግህ መሃል ላይ አንድ ፊደል ማስገባት ይቻላል» አለችኝ። አንድ ፊደል! አባትነት በፊደል ተቆርሶ ሲታደል አይቼ አላውቅም። ምን ችግር አለው የሚሉኝን ወዳጆቼን ደግሞ ደህና አድርጌ ታዝቤያቸዋለሁ፤ የራሳቸው ስም የት እንደገባ ጠይቀው የማያውቁ ናቸው። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ቅጹ ላይ የፈረምኩት እኔው መሆኔ ነው። ማንም አላስገደደኝም፤ ደክሞኝ ነበር፣ እስክሪብቶውም እጄ ላይ ነበር።

አሁን ደግሞ ኤሊዋ። 340 ዶላር የከፈልኩት እኔ ነኝ። መርፌውንም የምወጋው እኔው። ኤሊ ለመውጋት መጀመሪያ እግር ማግኘት ያስፈልጋል። የፊት እግሯን እስክታወጣ መርፌ ይዤ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ አንዳንዴ ሩብ ሰዓት እጠብቃለሁ። ስታወጣው ከክብሪት እንጨት ትንሽ ወፈር ያለ ነገር ነው፤ ከጠብታ የማይበልጥ መድኃኒት ሲገባባት ዓይኗን ገልጣ ታየኛለች። በሽተኛ ሲያየኝ ያፈርኩት ያኔ ነው።

ዝርያዋ 70 ዓመት ይኖራል፣ ከ45 ኪሎም ያልፋል ይላሉ። አማቴ ይህን ሰምተው «አሳንሰሩ ይችላታል?» አሉ። የሚያስጨንቃቸው ይኼ ብቻ ነው። ወንድ ይሁን ሴትም ገና አይታወቅም፤ ሐኪሟ ትልቅ ሳትሆን አይለይም ብላለች። እኛ አንቺ እንላታለን፣ አማቴ አንተ ይሏታል፤ ትንሽ ነገር ሁሉ በአማርኛ ሴት ነው ብዬ ብከራከርም አልተቀበሉኝም።

ትናንት ከላቲኖች ሱቅ እሾሁ የተላገ የበለስ ቅጠል ገዛሁ። ደሴ እያለን ቁልቋል አጥር ነበር፤ እዚህ በኪሎ ይሸጣል። ስስ አድርጌ ቆረጥኩላት። አሸተተችው፣ ረገጠችው፣ በላዩ አልፋ ሄደች። ጠዋት ሳየው ግን ጠርዙ ላይ ግማሽ ጨረቃ የምታህል ንክሻ አለች። አማቴ አይጥ ነው ይላሉ።

ዛሬ ማታ ውሃዋን በክርኔ ለክቼ ገንዳዋ ውስጥ አስቀመጥኳትና ወደ ክሊኒኩ ደወልኩ። ስም ማስተካከል ፈልጌ ነው። ሙዚቃ ከፈቱብኝ። ስጠብቅ ቀስ ብዬ፣ ማንም ሳይሰማኝ፣ አምባሻ ብዬ የራሴን ስም ቀጠልኩበት። አንገቷን አወጣች፤ ምናልባት ውሃ ልትጠጣ ነው። ሙዚቃው አላለቀም። ጣቴን ውሃው ውስጥ ሰደድኩ፤ እየቀዘቀዘ ነው። ስልኩን ዘግቼ ማንቆርቆሪያውን ጣድኩ።