ጥንዚዛው እንግዳ

ልጅ ሆኜ ቤት ውስጥ በቀን ከሁሉ አብልጬ የምሰማት ትእዛዝ «እግርህን አንሳ!» የምትል ነበረች። እናቴ መጥረጊያዋን ይዛ ጎንበስ እንዳለች ስትመጣ እኔ ወንበር ላይ ተዘርግቼ መጽሐፍ አነባለሁ። የማነበው መጽሐፍ ደግሞ ሁልጊዜ እግር ለማንሳት የማይመች ቦታ ላይ ይደርስብኛል። ስለዚህ እሷ እግሬን ዞራ ትጠርጋለች፤ እኔ ስነሳ ወለሉ ላይ በሁለት ጫማ ቅርጽ የተቀመጠ አቧራ ይቀራል። ትዳር ይዤ፣ ልጅ ወልጄ፣ እናቴም ከእኛ ጋር ኮንዶሚኒየም ከገባች በኋላ ይህ ልማድ አልተለወጠም።

አንድ ቀን ቨርጂኒያ የሚኖረው ወንድሜ በሰው እጅ ካርቶን ላከ። ከውስጡ ክብ፣ ጥቁር፣ ከሶፋ ሥር የሚገባ ጠፍጣፋ ነገር ወጣ። «ሮቦት መጥረጊያ ነው፤ እማዬ ከእንግዲህ እንዳትጎነበስ ብዬ ነው» አለ በስልክ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ዙሪያውን አየችው፤ ገልብጣ ሆዱንም አየችው። ከጎኑ ሥር እንደ እግር የወጡ የብሩሽ ክሮች አሉት። «ጥንዚዛ ነው» አለች። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ስሙ ጥንዚዛ ሆነ።

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል። የእኛውም ከመጀመሪያው ፕላስቲክ ከመሆኑ በስተቀር በዚሁ ሥርዓት አለፈ።

በወርቁ ቀን ቻርጀሩን ልሰካ ስል ባለቤቴ እጄን ያዘችው። ምክንያት ነበራት። ከዚህ ቀደም ከአሜሪካ የመጣልን የጁስ መፍጫ ሶኬት በነካ በሦስተኛው ሰከንድ ጭስ ብቻ ፈጭቶልን አርፏል፤ የእነሱ መብራት 120 ቮልት፣ የእኛው 220 ነውና። ስለዚህ የቻርጀሩን ጀርባ በስልክ መብራት አነበብን። «ከ100 እስከ 240» ይላል። ይህችን ደቂቅ ጽሑፍ ሳያነብ የሚሰካ ሰው ስጦታውን የሚጠቀምበት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ሲሞላ አዝራሩን ተጫንኩት። ትንሽ ዜማ ነገር አሰማና ተነሣ። ቤተሰቡ በሙሉ ሶፋ ላይ ተሰብስቦ እንደ ሰርከስ ያየው ጀመር። የጎን ክሮቹ እየተሽከረከሩ የግድግዳውን ጥጋጥግ አቧራ ወደ ሆዱ ይገፉለታል፤ ከሆዱ ሥር ያለው ጥቅል ብሩሽ ያፍሰዋል፤ ከኋላ ያለች ትንሽ ፋን ስባ ሣጥኑ ውስጥ ትከተዋለች፤ አየሩ ደግሞ በማጣሪያው አልፎ ይወጣል። ግድግዳ ሲገጨው ፊቱ ወደ ውስጥ ይገባና «መንገድ የለም» ብሎ ይዞራል። በር ከፍተን ደረጃው አፍ ላይ ስናወጣው ደግሞ ከአፋፉ ተመለሰ። ሆዱ ሥር ያሉት ትንንሽ ዓይኖች ወደ ወለሉ የማይታይ ብርሃን ይልካሉ፤ ብርሃኑ ነጥሮ ከተመለሰ ወለል አለ፤ ካልተመለሰ ገደል ነው። «አንተ በሦስት ዓመትህ ይህን ስላላወቅህ ነው ግንባርህ የተሰፋው» አለችኝ እናቴ።

አካሄዱ ግን አልጣማትም። ከቡፌው ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን ይገጫል፤ ከዚያ ወደ ጓዳ ያቀናል፤ ደግሞ ሐሳቡን ቀይሮ ይመለሳል። «ጠላ ቤት አምሽቶ ነው እንዴ?» አለች። የእኛው ካርታ የማያውቅ፣ በዘፈቀደ የሚሄድ ዓይነት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ደጋግሞ ከተመላለሰ ያልረገጠው ቦታ አይቀርም። የጎረቤታችን ግን አናቱ ላይ ቆብ የመሰለች ነገር አለችው። በውስጧ ሌዘር እየዞረ ከየግድግዳው ያለውን ርቀት ይለካል፣ የቤቱን ካርታ ይሥላል፤ ከዚያ እንደሚያርስ ገበሬ ፈር ይዞ ይሄዳል። እኛ ያለንን ይዘን ዘዴ ፈለግን። ቤቱን ሁሉ ከለቀቅንለት ሳሎኑን በቅጡ ሳይጨርስ ባትሪው ያልቃል፤ አንድ ክፍል ውስጥ አስገብተን በር ስንዘጋበት ግን ያንኑ ክፍል ደህና አድርጎ ያጸዳዋል። ሰካራምም እኮ ጠባብ ግቢ ውስጥ ከሆነ ቤቱን አያጣም።

በብሩ ቀን እንግዳው ዐመሉን አሳየ። የስልኬን ቻርጀር ገመድ ጎርሶ ቆመ። የልጄን ካልሲ ነክሶ ቆመ። እናቴ ሶፋ ላይ አረፍ ባለችበት የነጠላዋን ዘርፍ ይዞ ወደ ሆዱ ይጠቀልለው ጀመር፤ እሷ ከወዲያ፣ እሱ ከወዲህ ሲጓተቱ ደረስኩ። ጥቁሩ ምንጣፍ ጫፍ ላይ ደግሞ ደርሶ ይንቀጠቀጣል፣ ወደ ኋላ ይላል፣ አይወጣም። ምንጣፉ ላይ ሰይጣን ሰፍሮ እንደሆነ ባለቤቴ መጠርጠር ስትጀምር ነገሩ ገባኝ። ጥቁር ቀለም ብርሃኑን ውጦ ስለሚያስቀርበት ጥንዚዛው ገደል አፋፍ የደረሰ መስሎታል።

እናቴ ግን ልትረዳው አሰበች። ከልጅነቷ ጀምሮ አቧራ እንዳይነሣ ውሃ አርከፍክፋ ነው የምትጠርገው። በደግነት ውሃ ረጨችለት። ደረቅ አቧራ የለመደው ምስኪን እርጥቡን ሲያፍስ ሆዱ ውስጥ ጭቃ አቦካ፤ ሣጥኑን ስንከፍት ለምርጊት የተዘጋጀ ይመስል ነበር። ያን ቀን ደረቅ መሬት ብቻ እንደሚሻ ተማርን። ቡና በሚፈላበት አካባቢም እንዳይደርስ ተባለ፤ ፍም ከጎረሰ ቤት ያቃጥላል፣ የቀዘቀዘው አመድም ማጣሪያውን ይደፍንበታል። ፈንዲሻ ግን ሲያገኝ ደስ ብሎት ይበላል፤ በዚህ የቤተሰብ አባል ነው።

ተናድጄ ስለ ዘር ማንዘሩ ማንበብ ጀመርኩ። ለገበያ ከቀረቡት ቀዳሚው በ2001 እ.ኤ.አ. የስዊድኑ ኤሌክትሮሉክስ ያወጣው ነው። ስሙ ትሪሎባይት ይባላል፤ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከምድር በጠፋ፣ ቅርፊት ለባሽ የባሕር ፍጥረት ስም መጠራቱ ነው። በዓመቱ በ2002 አይሮቦት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሩምባን አመጣ። ከኩባንያው ሦስት መሥራቾች አንዱ ሮድኒ ብሩክስ ቀደም ሲል በኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ባለ ስድስት እግር ሮቦት የሠራ ሰው ነው። ሐሳቡም «ነፍሳት የዓለምን ካርታ በጭንቅላታቸው ይዘው አይዞሩም፤ ያገኙትን አይተው መልስ ይሰጣሉ፤ ማሽንም እንዲሁ ይችላል» የሚል ነበር። ያው ኩባንያ ፓክቦት የሚባል ሌላ ልጅም ነበረው፤ እሱ አፍጋኒስታን ወርዶ ለወታደር ዋሻ ይፈትሽ ነበር። የእኛው ካልሲ አይቶ እጅ ይሰጣል።

ይህን ሁሉ ለእናቴ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «ታዲያ እኔ ምን አልኩ? ጥንዚዛ ነው አላልኩም?» አለች። ፈረንጅ በዩኒቨርሲቲ የደረሰበትን እሷ በመነጽር ደርሳበታለች።

ሦስተኛው፣ የብረቱ ቀን ሲመጣ አንድ ነገር ገባኝ። እኛ አገር ቤት የሚጠረገው ለእንግዳ ነው። ይሄኛው እንግዳ ደግሞ ራሱ ሊጠርግ የመጣ ነው፤ ሆኖም ቤቱ ካልተሰናዳለት አይገባም። በየጠዋቱ ከመነሣቱ በፊት ቤተሰቡ ይሯሯጣል። ገመድ ይጠቀለላል፣ ካልሲ ይለቀማል፣ የመጋረጃው ጫፍ ወንበር ላይ ይወጣል፣ ነጠላ ጫማዎች መደርደሪያ ላይ ይሰለፋሉ። ሲጨርስ ደግሞ አስተናጋጁ እኔ ነኝ። ሣጥኑን እደፋለሁ፤ ብሩሹ ላይ የተጠመጠመውን የባለቤቴንና የልጄን ፀጉር በመቀስ እቆርጣለሁ፤ የሆዱን ዓይኖች በደረቅ ጨርቅ እወለውላለሁ። አንዴ ለበዓል ቄጠማ ጎዝጉዘን ሳለ አዝራሩን የነካ ልጅ ተገኘ፤ ቄጠማውን ከብሩሹ ለመፍታት የፈጀብኝ ጊዜ ጉዝጓዙን ሁሉ በእጅ ለመልቀም ይበቃ ነበር።

በሳምንት አንድ ጊዜ ልናሠራውም ሞክረን ነበር። ሣጥኑ ትንሽ፣ ጉልበቱም መጠነኛ ስለሆነ የሳምንት አቧራ ከአቅሙ በላይ ሆነበት። በየቀኑ ሲሠራ ግን አቧራው ምንጣፍ ውስጥ ሳይሰርግ ያነሣዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለእሱ ነው፤ እግር ባይኖረውም።

ባትሪውን የሚሞላበትን ማረፊያውንም በመጀመሪያ በቡፌውና በፍሪጁ መካከል ወሽቀነው ነበር። ጎጆው በማይታይ ብርሃን «ና፣ እዚህ ነኝ» እያለ ነው የሚጠራው፤ ግራና ቀኙ ከታፈነ ጥሪው አይሰማም። ግድግዳ አስደግፈን ፊቱንና ጎኑን ክፍት ስናደርግለት ያለ ችግር መግባት ጀመረ።

አንድ ማታ ሥራ ላይ እንዳለ መብራት ጠፋ። እሱ በባትሪ ስለሚሠራ ጉዳዩ አልነበረም። ባትሪው ሲደክም ግን ወደ ቤቱ ተነሣ፤ ቤቱ ጨልሟል፤ የሚጠራው የለም። በጨለማ ወንበር እየገጨ፣ እየዞረ፣ እንደገና እየገጨ ሲንከራተት ሰማነው። እናቴ ሻማ ይዛ ከአልጋዋ ወረደች። «የሰው ልጅ ልኮት የመጣ እንዲህ አይደር» ብላ አቀፈችውና ጎጆው ላይ አስቀመጠችው። «መብራት ሲመጣ ይበላል» አለች።

ጠዋት መብራት መጥቶ፣ እሱም በልቶ፣ ሥራውን ጀመረ። እናቴ መጥረጊያዋን አልጣለችም፤ ክብ ገላ ጥግ አይገባምና ማዕዘኖቹ አሁንም የእሷ ናቸው። እኔ ወንበሬ ላይ መጽሐፌን ዘርግቻለሁ። ጥንዚዛው ከቡፌው በኩል ወደ እኔ ሲመጣ ከገጽ ላይ ዓይኔን ሳልነቅል ሁለቱንም እግሮቼን ወደ ላይ አነሣሁ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ቀና ስል እናቴ ወገቧን ይዛ ቆማለች።

«ይህን ያህል ዓመት አፍ እያለኝ ለምኜህ አላነሣህም፤ ይሄ አፍ የሌለው ነገር አስነሣህ?»

እግሬን ላወርድ ስል እጇን ዘረጋች።

«አታውርድ! እንደዚያው ያዘው» አለችና፣ መጥረጊያዋን ይዛ ወደዚያች ዕድሜ ልኳን ወዳልደረሰችባት ቦታ ጎንበስ አለች።