ንፋስ የወሰደው ቦሎ

«ቦሎህስ?» ሲሉት «ንፋስ ወሰደው» ብሎ መመለስ ሌላ አገር ቢሆን ቀልድ ነው። ንፋስ መውጫ ላይ ግን ከተማዋ ራሷ በስሟ ትመሰክርለታለች። ከወረታ ወልድያ በሚዘልቀው መንገድ፣ የጉና ብርድ ጣት እያደነዘዘ፣ የጧት ጭጋግ አስፋልቱን ከገደሉ ጋር አንድ እያደረገ፣ ያለ ወረቀት መንዳት የእምነት ሥራ ነውና ሾፌራችን ሊመሰገን ይገባል።

የቅጥቅጡን የፊት መስታወት እዩት። በግራ ቅዱስ ገብርኤል፣ በቀኝ ጊዮርጊስ ከነፈረሱ፣ መሃል ላይ «አትቅደመኝ»። ለዓመታዊ ምርመራው ቦሎና ለመድን ተለጣፊ የት ቦታ ይገኛል? ደግሞስ የጨጨሆን ቁልቁለት የሚያወርደው መድኃኔዓለም እያለ ምርመራ ምን ሊፈይድ?

ምርመራ አያውቅም ግን አይባልም፤ በዓመት አንድ ቀን ያውቃል። ያን ዕለት ጎማ ከባልንጀራ፣ እሳት ማጥፊያ ከጎረቤት፣ የፊት መብራት ከሌላ መኪና ይዋስና መኪናዋ እንደ ሙሽራ በውሰት ጌጥ ትቀርባለች። ማታ ሁሉም ለየባለቤቱ ይመለሳል። ለቀሪው 364 ቀን ያለቀው ጎማ ይበቃታል።

ሰው ሲገጭስ? የትራፊክ ደንቡ ቁም፣ የተጎዳውን እርዳ፣ ለፖሊስ አሳውቅ ይላል። የኛ ጀግና ከደንቡ ይፈጥናል። መብራት ያጠፋል፣ ራቅ ብሎ ታርጋው ላይ ጭቃ ይመርጋል፣ ከዚያ ረዳቱን «አየህ?» ይለዋል። «ምኑን?» ይላል ረዳቱ። የምስክር ቃል በዚሁ ተጠናቀቀ።

ከተያዘ «ፍሬን እንቢ አለኝ» ነው። እውነቱን ነው፤ ፍሬኑ እንቢ ካለው ሦስት ዓመቱ ነው። ቀጥሎ ሽማግሌ ይላካል፤ «ምን ይደረግ፣ ቀኑ ደርሶ ነው» ይባላል። የሟችን ቀን መድረስ እንዲህ አጥርተው የሚያውቁ ሰዎች የቦሎውን ቀን ማለፍ ሳያውቁ መቅረታቸው ይገርማል።

የመድኑ ነገር ደግሞ የባሰ ብልሃት አለው። ሕጉ ያለ ሦስተኛ ወገን መድን መንዳትን ከልክሎ፣ ገጭቶ ባመለጠ ወይም መድን በሌለው መኪና የተጎዳ ሰው ከመድን ፈንድ እንዲካስ አድርጓል። ፈንዱ የሚሞላው ደግሞ ሌላው ከሚከፍለው ዓረቦን ላይ ነው። እንግዲህ በየዓመቱ ተሰልፎ የሚከፍለው ሞኝ፣ የሮጠውን ብልህ ዕዳ ይሸከማል ማለት ነው። ፈንዱ የከፈለውን ከባለመኪናው የማስመለስ መብት አለው፤ ለዚያም ነው ጭቃው የሚያስፈልገው።

አንደኛው ወገን ባለመኪናው፣ ሁለተኛው መድን ሰጪው ከሆነ ሦስተኛው ማን ነው? ማልዶ በጎቹን አስፋልት የሚያሻግረው የጋይንት እረኛ ነው፤ ድንች አዝላ ከገበያ የምትመለሰው እናት ናት። ውሉ ላይ አልፈረሙም፤ የውሉ ዋጋ ግን የሚለካው በነሱ አጥንት ነው።

ሾፌራችን ይህን ሲሰማ «እረኛው ዓይን የለውም እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። አለው እንጂ። ጭጋግ ሆኖበት ነው። መብራቱ ደግሞ፣ የምርመራው ዕለት ማታ ለባለቤቱ ተመልሷል።