ኩንታል ያለበት ቤት

ዘንድሮ ከተማው ሁሉ «በጅምላ ግዛ» ባይ ሆኗል። የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ ብሶበታል። ጭሮ ውስጥ ሁለት ሰው መንገድ ዳር ከቆመ ወሬው ዘይት በጀሪካን፣ ስኳር በኩንታል ነው። ጭሮ ስትባል ቅር አይለኝም፤ አፌ የለመደው ግን አሰበ ተፈሪን ነው። ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ ያቀኗት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ እኒያ የአውሬዎች ኮመዲያ የሚባለውን ተውኔት የደረሱት። ዛሬ ቢኖሩ አውሬዎቹን ትተው የሸማቾችን ኮመዲያ ይጽፉልን ነበር።

የእህቴ ልጅ ሲያትል ይኖራል። እሑድ እሑድ ይደውልልኛል። ደግ ልጅ ነው፤ ችግሩ ካርድ አለው። ኮስትኮ ወደሚባል፣ መጋዘን ይሁን ሱቅ ወዳልለየለት ቦታ የሚያስገባ ካርድ ነው። ይህን ካርድ ያወጣ ሰው ስለ ሌላ ነገር ማውራት አይሆንለትም።

«ጋሼ፣ የመጸዳጃ ወረቀት ሠላሳ ጥቅል ባንዴ ገዛሁ።»

«ምነው፣ ሆድህን አሞህ ነው?»

«አይ ጋሼ፣ ይረክሳላ!»

«ካርዱስ በነፃ ነው የሚሰጡህ?»

«ተራው በዓመት 65 ዶላር ነው፤ በ2024 ሴፕቴምበር ላይ ጨመረ።»

ለመግዛት የሚከፈልበት ሱቅ! እኛ ጋ ባለሱቁ ነው «ግቡ፣ ግቡ» እያለ ጋቢያችንን የሚጎትተው። እዚያ ሲገቡ ካርድ አሳይ፣ ሲወጡ ደረሰኝ አሳይ ነው አሉ። በደርግ ጊዜ ኬላ ላይ የቆመው አብዮት ጠባቂ እንኳ ይህን ያህል አልጠየቀንም።

አመጣጡን አጠያይቄ ደርሼበታለሁ። ሶል ፕራይስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1976 ሳን ዲዬጎ ውስጥ፣ ቀድሞ አውሮፕላን ይቆምበት በነበረ አዳራሽ ፕራይስ ክለብን ከፈተ። መጀመሪያ የመጡለት ደንበኞች ትንንሽ ነጋዴዎች ነበሩ። ኮስትኮ በ1983 ሲያትል ተከፈተ፤ ሁለቱ በ1993 ተዋሐዱ። ልብ በሉልኝ እንግዲህ፤ ነገሩ ሲጀመር የታሰበው ለነጋዴ ነው። ነጋዴ ኩንታል ሲገዛ መልሶ ይሸጠዋል። የቤት ሰው የገዛው ኩንታል ግን የሚገባው አፍ ካለበት ቤት ነው። ብሶቴ በሙሉ የሚነሳው ከዚች ነው።

ሰውን ያለ ሥራው ማማት ደግ አይደለምና፣ ዕቃው መርከሱን አልክድም። ዕቃው ላይ የሚጭኑት ትርፍ ከ14 ወይም ከ15 በመቶ አያልፍም፤ ብዙ ቸርቻሪ ይህን አይሞክረውም። ታዲያ በምን ይኖራሉ? በበሩ! በ2024 የሒሳብ ዓመት ከአባልነት ክፍያ ብቻ ወደ 4.8 ቢሊዮን ዶላር ሰበሰቡ፤ የዓመቱ የተጣራ ትርፋቸው ደግሞ ወደ 7.4 ቢሊዮን ነበር። ስኳሩንና ሥጋውን ለመግዣው በቀረበ ዋጋ ይሰጡህና በሩን ይሸጡልሃል።

የእህቴ ልጅ ያወጣው ካርድ ደግሞ የ130 ዶላሩ ነው። ከገዛው ላይ 2 በመቶ ይመለስለታል። በተራው ካርድ ላይ የጨመራትን 65 ዶላር ለማስመለስ በዓመት የ3,250 ዶላር ዕቃ መግዛት አለበት። ወንደላጤ ነው፤ ባንድ ክፍል ቤት ነው የሚኖረው።

«ታዲያ ይህን ያህል ትገዛለህ?»

«መጀመሪያ አይሞላልኝም ነበር፤ አሁን እንዲሞላ ብዬ ጨመር አድርጌ እገዛለሁ።»

ስልኩን ዘጋሁት። ሒሳብ አስተማሪው በሕይወት የሉም እንጂ ሄጄ እከሳቸው ነበር።

የተረፈውን ለኛ ይልካል። አምና በመጣ ሰው እጅ 400 ፍሬ የዓሣ ዘይት እንክብል በአንድ ዕቃ ደረሰኝ። ለጉልበት ነው አለኝ። መነጽሬን አድርጌ ታች የተጻፈውን ባነብ፣ ጊዜው ሊያልፍ የቀረው ቀን ከፍሬው ቁጥር ያንሳል። መጣል ግፍ ነው፤ ለሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ አደልኩት። ያን ሰሞን ባሕር አይቶ የማያውቅ የጨርጨር ሰው ሁሉ ዓሣ ዓሣ የሚል ግሳት ሲያገሳ ከረመ። ለቅሶ ቤት እንኳ ሳይቀር።

አባልነት ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወርሶ ቀበሌ ሲመጣ፣ ቀበሌውም ኅብረት ሱቅ ይዞ መጣ። ካርድ ነበረን፤ በቤተሰብ ብዛት ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ላምባ ይለካልናል። ሰው ሌሊት ተነስቶ ወረፋ ላይ ድንጋይ ያስቀምጥና ተመልሶ ይተኛል። የኔ ድንጋይ ጠፍጣፋ ነበር፣ ጫፉ የተሸረፈ፣ በኩራዝ ብርሃንም ይለያል። ጠዋት ስመጣ ከሰባተኛ ወደ አሥራ አምስተኛ ተገፍቶ አገኘዋለሁ። «ድንጋዬን ማን ነካው?» ተብሎ የተጣሉ ጎረቤታሞች እስከ ዛሬ ሰላም አይባባሉም። ዋጋውማ ርካሽ ነበር፤ ዕቃው አልነበረም እንጂ። የጎደለው ደግሞ ከጂቡቲ በባቡር ተሸሽጎ ሚኤሶ ይወርድልናል፤ ኮንትሮባንድ ካርድ አይጠይቅም።

አሁን ያለው የሸማቾች ማኅበር ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ሲነበብ ያስጎመጃል። መመዝገቢያ ትከፍላለህ፣ ዕጣ ትገዛለህ። ባለ አንድ ዕጣም ባለ ብዙ ዕጣም ድምፁ አንድ ነው። ትርፍ ሲገኝ ከፊሉ ለመጠባበቂያ ይያዝና የቀረው ለአባል ይከፋፈላል። በወረቀት ከሆነ ከኮስትኮ ይበልጣል፤ እዚያ 65 ዶላርህን የሚበላው ባለሱቁ ነው፣ እዚህ ባለሱቁ አንተው ነህ። እኔም ባለሱቅ ሆንኩ። ባለሱቅ ሆኜ ሱቄ ስሄድ ዘይት የለም። «መቼ ይመጣል?» ስል «ትናንት መጥቶ አለቀ» ይሉኛል። ባገሬ የዘይት መምጣት መጨረሻ የሚሰማው ባለቤቱ ነው!

ይህን ያየች ባለቤቴ አንድ ቀን «አንቱ፣ ከማኅበር ደጅ ከመጥናት አንድ ኩንታል ስኳር ራሳችን ብናስገባስ? ከኪሎው አሥር ብር ይተርፈናል» አለች። አሥሩን በመቶ አባዝታ ሺህ ብር አደረገችልኝ። ያን ሺህ ብር እስከ ዛሬ እየፈለግሁት ነው።

ሐረርጌ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ምን ማለት እንደሆነ ያላወቀ ሰው ሐዘኔ አይገባውም። ኪሳችንን የሚያራቁተው ትልቁ ወጪ ጫት ነው፤ ጫት ደግሞ በጅምላ ተገዝቶ አይከማችም። ጠዋት የተቀጠፈው ከሰዓት መቃም አለበት፤ ከነገ ወዲያ ሲሆን የፍየል ነው። ስለዚህ ካርድ ቢኖርህ ባይኖርህ በየቀኑ ትገዛታለህ። ጫቱ ይመራል፣ ምሬቱ ጣፋጭ ሻሂ ይጠራል። በርጫ የሚቀመጠውም ይህን ሁሉ አስልቶ ነው፤ አንዱ ቤት ፍራሹ ይመቻል፣ ሌላው ቤት ባለቤቷ አትቆጣም። ኩንታሉ በአህያ ጋሪ በጠራራ ፀሐይ ደጄ ሲወርድ ሰፈሩ አየ። በማግስቱ በርጫው እኔ ቤት ሆነ። የጠራ ሰው የለም፤ መጡ።

በተለይ አንድ ጥርስ የሌለው ወዳጄ አለ። ትንሿን ሙቀጫ በብብቱ ሸጉጦ ይመጣል። ቅጠሉን ይለቅማል፣ ሙቀጫው ውስጥ ይጨምራል፣ ከዚያ ወደ ጓዳ ቀና ብሎ «እስቲ ስኳር ጣል አድርጉልኝ» ይላል። በኪሎ ስንገዛ ስኳር ሰው ለራሱ በወረቀት ጠቅልሎ ይዞት የሚመጣ ነገር ነበር። ዱቅ፣ ዱቅ፣ ዱቅ። ሌላው ሰው የሚሰማው ሙቀጫ ነው፤ እኔ የምሰማው ሺህ ብሬ ሲወቀጥ ነው።

ቤተሰቡም አልማረኝም። ስኳር በሩብ ኪሎ ይገዛ በነበረ ጊዜ ምራቴ ማንኪያውን በጣቷ ለጥ አድርጋ ነበር የምትለካው። ኩንታል ከገባ ወዲህ ማንኪያው ይቆለላል፣ ጠብ የሚለውን የሚያይ የለም። የልጅ ልጆቼ ዳቦ በስኳር መብላት ጀመሩ። ጎረቤት «አንድ ስኒ አበድሩን» ትላለች፤ ኩንታል እያየች «የለም» አይባል፣ ኩንታል ላለው ሰው ደግሞ አንድ ስኒ ስኳር ማን ይመልሳል? ጉንዳኑም እንደ አባል ተመዝግቦ በግድግዳው ስንጥቅ ገባ።

ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ችርቻሮው ኪሎ 130 ብር ቢሆን፣ ጅምላው 120። አሥራ ሦስት ኪሎ በጅምላ 1,560 ብር ይመጣል፤ አሥራ ሁለት ኪሎ በችርቻሮም ያው 1,560 ብር ነው። እንግዲህ ከአሥራ ሦስቱ ኪሎ አንዷ ብቻ ያለ ወጉ ከተጠጣች ትርፉ አለቀ፣ ሁለተኛዋ ስትጠጣ ኪሳራ ተጀመረ። እኔ ቤት ሁለተኛዋ የጠፋችው ገና በመጀመሪያው ሳምንት ይመስለኛል። ባለቤቴ ይህን ሒሳብ ባሳያት «ሰው ቤትዎ ሲመጣ ደስ አይልዎትም?» አለችኝ። ደስ ይለኛል እንጂ! እኔ ያልኩት ቁጠባ አይባልም ነው፤ ድግስ ብለን ከጀመርነው ምን ችግር አለ?

ድሬዳዋ ይረክሳል የሚሉም አሉ። ይረክሳል። ግን ሂርና፣ ቁልቢ፣ ደንገጎ እያሉ መውረድ አለ፣ ከፊራ ሲደርሱ ሙቀቱ አለ፣ ምሳ አለ፣ ተሸካሚ አለ፣ ለሚኒባሱ ጣሪያ ክፍያ አለ። ስመለስ ኬላ ላይ «አባባ፣ ይህ ሁሉ ሳሙና ለምንድን ነው?» ተባልኩ። «ለመታጠብ» ብል ማን ያምነኛል?

ይህ ሁሉ የጠገበ ሰው ልቅሶ መሆኑን አላጣሁትም። ኩንታል የሚገዛ ሰው የኩንታል ገንዘብ ቀድሞ የያዘ ነው። እኛ ሰፈር ያለችውን ባለሱቅ አመሻሽ ላይ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቷት። ቀን ሠራተኛው ሲመጣ ዘይት በትንሽ ብርጭቆ ለክታ በላስቲክ ቋጥራ ትሰጠዋለች። ሊትሩ ቢታሰብ ከተማው ውስጥ የእሱን ያህል ውድ ዘይት የሚበላ ሰው የለም። በጀሪካን ግዛ ቢሉት ይስቃል፤ ጀሪካኑ የሳምንት ደሞዙ ነው። እኛ ባለ ኩንታሎቹ ነን በርካሽ የምንገዛው፣ ጠዋት ማታ የምናለቃቅሰውም እኛው።

ባለሱቋ ጋ ግን ባለካርዱ ሱቅ የሌለው ነገር አለ፤ ዱቤ። ጥጉ የታጠፈ ደብተር አላት፤ ስም አትጽፍም፣ «የባጃጁ ልጅ»፣ «ወርቅ ጥርስ»፣ «የላይኛዋ» ብላ ነው። የኔን በድብቅ አይቻታለሁ፤ «አባባ ንጭንጭ» ይላል። ቅር ቢለኝም ዝም አልኩ፣ ያን ቀን ያልከፈልኩት ነበረብኝ። ጡረታ እስኪወጣ፣ ጫቱ እስኪሸጥ፣ ከውጭ እስኪላክ እሷ ትጠብቃለች። ለመጠበቋ ዋጋው ላይ ጥቂት ትጨምራለች፤ ትጨምር! የኅብረት ሥራ አባት የሚባሉት የእንግሊዝ አገሮቹ የሮችዴል ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1844 ሃያ ስምንት ሆነው ሱቅ ሲከፍቱ ደንባቸው ጥሬ ገንዘብ ብቻ፣ ዱቤ የለም የሚል ነበር። ዱቄት፣ ስኳር፣ ቅቤና ሻማ ይሸጡ ነበር አሉ። ሠራተኛ ሰዎች ናቸውና ዱቤ አስቸግሯቸው ይሆናል፤ ሐረርጌ ቢከፍቱ ግን በሳምንቱ ይዘጉ ነበር።

ይህንኑ ይዤ በማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እጄን አወጣሁ። የሒሳብ ሪፖርት ተነቦ፣ ዘይት የጠፋበት ምክንያት ከመንገድ እስከ ምንዛሪ ተዘርዝሮ፣ ግማሹ ሰው አንቀላፍቶ ነበር። «ማኅበሩ የኛ ከሆነ ለኛ ዱቤ ይስጠን» አልኩ። ፊት የተቀመጡት ሳቁ፤ ከኋላ የነበሩት ሴቶች ግን አጨበጨቡ። ሰብሳቢው ጭብጨባው ሲበዛበት «ጥሩ ሐሳብ ነው፣ በኮሚቴ ይጠና» አለ። ኮሚቴው ተመረጠ፤ ሰብሳቢ እኔ። በዚህ ዕድሜዬ!

ማታ ወደ ሱቋ ጎራ አልኩ። ኩንታሉ አልቋል፣ ሩብ ኪሎ ስኳር ላስጽፍ ነበር። ሚዛኑን አልነካችም።

«አባባ፣ ማኅበሩ ዱቤ ሊጀምር ነው አሉ፤ ሐሳቡንም ያመጡት እርስዎ ነዎት አሉ።»

«ገና በጥናት ላይ ነው ልጄ…»

«እንኳን ደስ ያለዎት። እንግዲህ ከዚያ ይውሰዱዋ።» ደብተሩን ገልጣ «አባባ ንጭንጭ» ሥር ሁለት መስመር አሰመረችና ወደኔ አዞረችው። «ያለብዎትን ግን እስከ ቅዳሜ።»