ለማያውቅ አይነገርም

ሶዶ ውስጥ ሊኑክስ የጀመረ ተማሪ ግራ ገብቶት ሲጠይቅ «ማኑዋሉን አንብብ» ብሎ ፊቱን የሚያዞር ነባር ባለሙያ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ዛሬ ግን ላመሰግነው ተነስቻለሁ።

ምን አጠፋ? ማኑዋሉ እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። በፈረንጆች 1971 በሊኑክስ ቅድመ አያት በዩኒክስ የተጀመረ የከበረ ወግ ነው። «ማን» ብሎ የትእዛዙን ስም ማስከተል ብቻ! ስሙን ለማያውቅም በርዕስ የሚፈልግ ሌላ ትእዛዝ ተዘጋጅቶለታል፤ አፕሮፖስ ይባላል። እሱንም በስሙ መጥራት ነው።

ጀማሪ መጀመሪያ ከሚማራቸው አንዷ ሲዲ ናት፣ ከፎልደር ፎልደር የምታሻግረው። ኡቡንቱ በሚባለው ሊኑክስ ላይ «ማን ሲዲ» ቢል የተጻፈ ገጽ የለም ይባላል። አለ እንጂ! ግን «ሄልፕ ሲዲ» ለሚል ነው፤ ሲዲ የምትኖረው ትእዛዝ በሚቀበለው ፕሮግራም፣ በሼሉ ሆድ ውስጥ ነዋ።

ይህ ጥበብ ሶዶ መናኸሪያ ቢገባ እንዴት ባማረበት! ሆሳዕና ያለች አራስ ልጃቸውን ሊጠይቁ የተነሱ አንድ አባት ወደ መረጃ መስኮቱ ይጠጋሉ።

«ልጄ፣ የሆሳዕናው መኪና የቱ ነው?»

«ታርጋውን ይንገሩኝና መድረሻውን እነግርዎታለሁ፣ አባባ።»

«ታርጋውን በየት አውቄው?»

«ዝርዝሩ አርባ ምንጭ ተለጥፏል።»

አርባ ምንጭ ይወርዳሉ። የሞተሩ ቁጥር፣ የጎማው ንፋስ ልክ፣ የሹፌሩ የመንጃ ፈቃድ ደረጃ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ ሰፍሯል፤ መድረሻው ብቻ የለም። ከግርጌ በደቃቅ ፊደል «ለሙሉ መረጃ ሻሸመኔን ይመልከቱ» ይላል። ሻሸመኔ ሲደርሱ መስኮቱ ላይ ያለው ጎረምሳ ቀና ሳይል «አባባ፣ ይሄ እኮ የጀማሪ ጥያቄ ነው» ይላቸዋል። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ያልፋቸዋል። አራስ ቤት የነበረው ሕፃን ድክ ድክ ማለት ይጀምራል። በመጨረሻ በእግራቸው ሆሳዕና ሲገቡ ግድግዳው ላይ በትልቁ ተጽፎ ያገኙታል፦ «ከሶዶ ወደ ሆሳዕና የሚመጣው መኪና በ3ኛው በር ይነሳል።»

ማሾፉ ይብቃኝ። የጠየቀን ሰው መልስ ወደማያገኝበት መስደድ የሰነፍ አስተማሪ ሥራ ነው። «ከትእዛዙ ኋላ ሁለት ሰረዝና ሄልፕ ጻፍ፤ ስሙን ካላወቅህ አፕሮፖስ ብለህ ርዕሱን አስከትል፤ ከማን ገጽ ለመውጣት ኪውን ተጫን» ለማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ግን እሱም አደጋ አለው፤ ልጁ ያውቅና ማን ላይ እንኮራለን?