የሚያስቅ ጋዝ ለባጃጅ

«ጋሼ፣ ናይትረስ ላስገጥምላት ነበር፤ በርካሹ ስንት ይፈጃል?» አለኝ አንድ የደምበጫ ባለባጃጅ። ሞተር የሚያፈጥነውን ይህን ጋዝ ፊልም ላይ አይቶ ነው።

ሐሳቡስ ክፉ አይደለም። ከ2000 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩም ዳገት ላይ ያለከልካል። ናይትረስ ሲግል ተበታትኖ ኦክስጅን ይሰጣል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች በከፍታ ለሚበሩ አውሮፕላኖቻቸው ተጠቅመውበታል። ሐኪም ቤት ደግሞ ማደንዘዣ ነው፤ «የሚያስቅ ጋዝ» የሚሉት።

ግን ኦክስጅን ሲጨመር ቤንዚንም አብሮ መጨመር አለበት፤ አለዚያ ፒስተኑ ይቀልጣል። ቤንዚኑ ደግሞ በሃይላንድ ተቀድቶ ከጓሮ የሚሸጠው ነው። (ከማን እንደሚገዛ አላውቅም፤ ሲወራ ሰምቼ ነው።) ደግሞስ 200 ሲሲ ገደማ በሆነች ሞተር አምስት ሰውና ሁለት ዶሮ ጭኖ ወደ ፍኖተ ሰላም ቢተኮስ፣ ማርሽ ቀይሮ ሳይጨርስ ወይ ጉድጓድ፣ ወይ ጭነት ያዘለ አህያ፣ ወይ የኬላ ገመድ ይቀበለዋል። ያኔ ጋዙ ማንን እንደሚያስቅ እንጃ።

አንተ ልጅ፣ በዚያ ብር መጀመሪያ የፍሬን ሸራህን አስቀይር።