ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው፣ ወረፋውም ይኸው

የእንግሊዝ ፈረሶች ሆይ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ! ተመልካቻችሁ ተመልሷል። ያን ሁሉ ወራት ቢራ ሳይሸታችሁ፣ የላባ ባርኔጣ ሳታዩ፣ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ዘር ማንዘራችሁን የሚሳደብ ሰካራም ሳትሰሙ እንዴት እግራችሁን እንዳነሣችሁ አይገባኝም። ብቻችሁን ሮጣችሁ፣ ብቻችሁን አሸንፋችሁ፣ ብቻችሁን ወደ ጋጣችሁ ገባችሁ። አይዟችሁ፣ ያ ክፉ ዘመን አልፏል።

የኮሮና ወረርሽኝ ሜዳዎቹን በዘጋ ጊዜ ከጋዜጠኛው እስከ አወራራጁ ድረስ የሁሉም እንጉርጉሮ አንድ ነበር፤ ያለ ተመልካች ስፖርቱ ነፍስ የለውም። ነፍስ የተባልነው እንግዲህ እኛ ነን። በዕድሜዬ ብዙ ነገር ተብያለሁ፤ ነፍስ ስባል ግን የመጀመሪያዬ ስለሆነ ደረቴን ነፋሁ። ለዚህ ማዕረግ ያበቃን ሥራ ምን እንደነበር ለማስታወስ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ዓመቶቹን የምቆጥረው በፈረንጆቹ ነው።

ማርች 10 ቀን 2020 ቼልተንሃም ላይ ዓመታዊው የዝላይ ውድድር ተከፈተ። በአራት ቀን ሩብ ሚሊዮን ገደማ ሰው ገባ። በሁለተኛው ቀን የዓለም ጤና ድርጅት ነገሩ ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ነው ብሎ አወጀ። ሕዝቡ ዜናውን በጨዋነት ተቀበለው፤ ወረርሽኝ የሚባለው ፈረስ በስንተኛው ውድድር እንደሚሮጥ የጠየቀም ሳይኖር አይቀርም። የእጅ ማጽጃ ተቀምጧል፤ እጁን ያሸ ሰው አጠገቡ ያለውን አቅፎ ፊቱ ላይ መጮህ ይችላል። ስፖርቱ ያን ሰሞን ነፍስ ብቻ ሳይሆን ትንፋሽም ነበረው። ችግሩ ትንፋሹ ላይ ነው። ውድድሩ በተዘጋ በአሥረኛው ቀን አገሩ በሙሉ ቤቱ እንዲቀመጥ ታዘዘ።

ኤፕሪል 4 ይሮጥ የነበረው ግራንድ ናሽናልም ተሰረዘ። ፈረስ ወዳድ ሕዝብ ግን ሳይወራረድ አያድርምና ኮምፒውተር የሠራቸው ፈረሶች በቴሌቪዥን ተጋለቡለት። 4.8 ሚሊዮን ሰው ተመለከተ። ፖተርስ ኮርነር የሚባለው አሸነፈ፤ ማለትም ምስሉ አሸነፈ። ባለ ስሙ ፈረስ ያን ሰዓት ድርቆሹን እያኘከ ድሉን አልሰማም። የአንድ ሰው ውርርድ ከ10 ፓውንድ እንዳይበልጥ ተደርጎ፣ የተገኘው 2.6 ሚሊዮን ፓውንድ ለሕዝብ ጤና አገልግሎት በጎ አድራጎት ስለገባ በገንዘቡ በኩል አፌን ይዣለሁ። የማደንቀው ግኝቱን ነው። የፈረስ ውድድር ወዳድ ፈረስ እንደማያስፈልገው በዚያች ቀን በማያሻማ ሁኔታ ተረጋገጠ።

ጁን 1 ላይ እውነተኞቹ ፈረሶች ኒውካስል ባዶ ሜዳ ላይ ወጡ፤ ከፕሪሚየር ሊጉ 16 ቀን ቀድመው። ጁን 15 የውርርድ ቤቶች ተከፈቱ። ምእመናን አብረው ቆመው እንዲጸልዩ የተፈቀደው ጁላይ 4 ነው። ለንደን ያለነው ሰዎች ቅዳሴውን በስልክ እየተከታተልን፣ ለቅሶውን በዋትስአፕ እየደረስን የአገሩን ቅደም ተከተል በደንብ አጠናን። ሰፈሬ ካለው ውርርድ ቤት ደጃፍ ሁለት ሁለት ሜትር ተራርቀው፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ተራ የሚጠብቁ ያገሬ ልጆች አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ትሕትና ጸበል ስንጠጣ እንኳ አላየሁብንም።

በጁን ወር ሮያል አስኮት የሚባለው ውድድር በዝግ ተካሄደ። ንግሥት ኤልሳቤጥ ከነገሡ ጀምሮ ሲቀሩ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። ባርኔጣ የሌለበት አስኮት ታቦት ያልወረደበት ጥምቀት ማለት ስለሆነ ሕዝቡ እቤቱ ሆኖ እንዲዘንጥ ተጋበዘ። ዘነጠም። ወንዱ ረጅሙን ጥቁር ቆብ ደፍቶ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፤ ሴቷ ከነ ላባዋ ማጀት ገብታ ሻይ ጣደች። ንጉሣውያኑ በሚገኙበት ቅጥር የሴት የራስ ጌጥ መሠረቱ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው የሚል ሕግ አለ፤ ማጀት ለማጀት እየዞረ በማስመሪያ የሚለካው ማን እንደነበር ግን አልተነገረም። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ከጀርባ ያለው ቴሌቪዥን የተከፈተበትን እስካሁን እየፈለግሁ ነው።

ቀጥሎ የሆነውን ለመናገር ያሳፍራል። ኤፕሪል 10 ቀን 2021 ኤይንትሪ ላይ ሬቸል ብላክሞር ሚኔላ ታይምስን ጋልባ፣ 40 ፈረስ በተሰለፈበት፣ 30 መሰናክል ባለው ግራንድ ናሽናል አንደኛ ወጣች። ከ1839 ጀምሮ በሚቆጠረው በዚህ ውድድር ሴት ጋላቢ ስታሸንፍ የመጀመሪያዋ ነች። መቀመጫው ሁሉ ባዶ ነው። ነፍስ የሌለው ስፖርት እንዲህ ያለ ታሪክ ሲሠራ እኛ ነፍሶቹ ሶፋ ላይ ነን። ምን ዓይነት ድፍረት ነው? አንድ ዓመት ብትታገሠን ምናለበት? ሌላው ቢቀር መጥተን ጀርባችንን እንሰጣት ነበር። እሷም ጥፋቷ ገብቷት መሰለኝ፣ በ2022 የቼልተንሃምን ጎልድ ካፕ ለሴት ጋላቢ የመጀመሪያ በሆነ ድል ስታሸንፍ በሕዝብ ፊት አደረገችው።

ያ የ2022ቱ ቼልተንሃም የኛ የትንሣኤ ቀን ነው። በአራት ቀን ከ280,000 በላይ ሰው ገባ። እዚያ የታወቀ ጩኸት አለ፤ የመጀመሪያው ውድድር ሲጀመር መላው ሕዝብ በአንድ ጉሮሮ ያገሣል። መቼ? ፈረሶቹ ገና ሊነሡ ሲሉ! አንድም መሰናክል አልተዘለለም፣ አንድም ሰኮና አልተነሣም። የምንጮኸው ራሳችንን ስላገኘን ነው። ከፈረሶቹ መካከል ጩኸቱ የሚያስበረግጋቸው ጆሮ መሸፈኛ ይደረግላቸዋል፤ ነፍሱን ላለመስማት ጆሮውን የሚደፍን ሥጋ ያለው ይህ ስፖርት ብቻ ነው። ናፍቆታችንም ብዙ አልቆየ። የቢራውና የሽንት ቤቱ ወረፋ አስመረረንና አቤት አልን፤ ለ2023 የቀኑ ተመልካች ከ68,500 እንዳይበልጥ ተወሰነ። ሰው ናፍቆን መጥተን ሰው በዛ አልን።

ኤይንትሪም በ2022 ከነሕዝቡ ተመለሰ። ያን ዓመት በግራንድ ናሽናሉ የሮጡ ሁለት ፈረሶች ሞቱ። በባዶው ዓመትም አንድ ሞቶ ነበር፤ በዚህ በኩል ፈረሶቹ ተመልካች አለ የለም ብለው አያዳሉም። አዘጋጆቹ ግን ለኛ ያስባሉ። ፈረስ ሲወድቅ ሠራተኞች እየሮጡ መጥተው አረንጓዴ መጋረጃ ይዘረጉበታል። ቀኑን ሙሉ መጠጡና ስልኩ ላይ አቀርቅሮ የዋለ ሕዝብ እንደ አንድ ሰው ቀና ብሎ ሜዳውን የሚያይባት ቅጽበት ያቺ ናት፤ ያኔ ይጋረድበታል።

እኔም ከነፍስነቴ ድርሻዬን ልወጣ ብዬ በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ከለንደን በባቡር ወደሚደረስ፣ ስሙን ወደማልጠራው ሜዳ ሄድኩ። አብረውኝ የነበሩት ልጃቸውን ሊጠይቁ ከኢንጅባራ የመጡ አባት ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል ናቸው። በ1932 ዓ.ም. (ይኼኛው በኛ ነው) የተመሠረተ፣ ጥር 23 ቀን ሜዳውን በፈረስ የሚሞላ ማኅበር ነው። «የፈረስ በዓል አለ ጋሼ» ስላቸው ጋቢያቸውን አጣጥፈው ከኔ ቀድመው በር ላይ ቆሙ።

ገብተን ግማሽ ሰዓት ያህል ከተንሸራሸርን በኋላ ክንዴን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ፈረሱን የሚያሳዩት የት ነው?»

ጥያቄው አስደነገጠኝ። ጂን የሚሸጥበትን አውቀዋለሁ፣ በርገሩን አውቀዋለሁ፣ ለቄንጠኛ አለባበስ ሽልማት የሚሰጥበትን መድረክም አይቻለሁ። እንደዚህ ባለው ሽልማት አንዳንድ ሜዳ ላይ መኪና የተሸለመች ሴት አለች። ፈረሱን አሳጥቦ፣ ጋማውን ጎንጉኖ፣ አሳምሮ ላቀረበ ፈረስ ጠባቂም ሽልማት አለ፤ እሱ የሚሸለማት ግን የመኪናዋን ጎማ አትገዛም። ፈረሱን ለማግኘት ሁለት ሰው ጠየቅን። ሁለተኛው አሳየን።

ፈረሶቹ ከመሮጣቸው በፊት የሚዞሩበት አጥር ዘንድ ቦታ እንደልብ ነው። ጋሼ ክርናቸውን ብረቱ ላይ አሳርፈው ሥራቸውን ጀመሩ። «ያ አምባላዩ ልጓሙን ይጠላል። ይቺ ቦራዋ የኋላ እግሯን ስታነሣ አየሃት? ያ ዳማው ግን… አንገቱን ተመልከት። ቁጥብ ነው።» ከጎናችን ያለው ወጣት ጀርባውን ለዳማው ሰጥቶ ስለ ዳማው ስልኩ ላይ ያነባል። የፈረሶቹን ስም ከፕሮግራሙ አነበብኩላቸው። እዚህ አገር የፈረስ ስም ክፍተቱን ጨምሮ ከ18 ፊደል አይበልጥም ብዬ ስነግራቸው፣ «ጌታው በስሙ ይጠራበታል?» አሉኝ። አባ ታጠቅንና አባ ዳኘውን አስበው ነው። ጌታው 20 ሰው አዋጥቶ የገዛው ማኅበር ነው አልኳቸው። «እንግዲያማ ስሙ አይበቃቸውም» አሉ።

ሊሮጥ ሲል ቢራ ላምጣ ብዬ ሄድኩ። ከፊቴ ሠላሳ ሰው አለ። ያኔ ነው የዘመኑን ተመልካችነት በደንብ ያየሁት። ሜዳው ከግድግዳው ጀርባ ነው፤ ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። ውድድሩ ሲጀመር ከወረፋው ንቅንቅ ያለ የለም፤ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ከግድግዳው ጀርባ የሚሮጠውን ፈረስ ማየት ጀመረ። ስልኩ ደግሞ ጥቂት ሰከንድ ይዘገያል። ግድግዳውን አልፎ የመጣው ጩኸት ጣራ ነክቶ ሲያበቃ እስክሪኑ ላይ ያሉት ፈረሶች ገና ይጋልባሉ። ከፊቴ ያለው ሰውዬ ያለቀውን ውድድር «ና! ና!» እያለ ይለምናል። ለዚህ ነው ባቡር የተሳፈርነው፣ ለዚህ ነው ያ ሁሉ ወራት የናፈቅነው። የቀኑ ሰባት ውድድር አንድ ላይ ቢደመር ሃያ ደቂቃ አይሞላም፤ እኔ ያቺን ቢራ ለማግኘት ከዚያ በላይ ቆሜያለሁ።

ስመለስ ጋሼ በነበሩበት ናቸው።

«ዳማው እንዴት ሆነ?»

«አምስተኛ ወጣ» አሉ ደስ ብሏቸው። «ጥሩ ሮጠ።»

አምስተኛ ለወጣ ፈረስ የሚደሰት ሰው እዚያ ግቢ ውስጥ ሌላ አልነበረም። ለነገሩ ጋሼ እንግዳ ናቸው፤ የስፖርቱ ነፍስ አይደሉም።

የመጨረሻው ውድድር ሲያልቅ ሕዝቡ ይበተናል ብዬ ነበር፤ ለካ ገና እየመጣ ነው። መድረኩ ሜዳው ላይ ተተክሏል፤ ዘፋኝ አለ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አሥር ሺህ የሚሆን ሰው ፊቱን ወደ ሜዳው መለሰ፣ ስልኩን ወደ ላይ ዘረጋ፣ አለቀሰም። ጋሼን ፍለጋ ብዞር የሉም። በስተጀርባ በኩል ፈረስ የሚታጠብበት አጥር ዘንድ አገኘኋቸው። አንዲት ፈረስ ጠባቂ በዳማው ጀርባ ላይ ባልዲ ውኃ ትደፋለች፤ ከፈረሱ እንፋሎት ይነሣል። ጋሼ በአገውኛ የሆነ ነገር ይሉታል፣ እሱም አንድ ጆሮውን ወደሳቸው አዙሯል። ልጅቷ ሳቅ አለችና ቀኑ እንዴት ዋለላችሁ፣ ገንዘብ አገኛችሁ ወይ ብላ ጠየቀች።

«ምን አለች?» አሉኝ።

«ስንት በሉ? ነው የምትለው።»

«ኧረ እህልም አልቀመስኩ» አሉ፤ «ወረፋው ረጅም ነው በላት።»