መጫርን ለመከልከል የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከሥላሴ ገዳም ተራራ ግርጌ ያለህ የአሰቦት ሰው፣ ከሚኤሶ እስከ ጭሮ ዶሮ የምታረባ ሁሉ፣ ከዘመናዊ ቆጥ ጽሕፈት ቤት የወጣውን ቃል አድምጥ!

የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ዕንቁላል ጥላ፣ ቀሪውን ጊዜ በመታቀፍ፣ ጫጩት በመምራትና ጎረቤት ጓሮ በመዋል የምታባክን ሆና ስለተገኘች፤

የፈረንጅ ዶሮ ግን ወደ 300 የምትጥልና ልታቀፍ የሚል ጥያቄ የማታነሳ መሆኗ ስለተረጋገጠ፤

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2012 ጠባቡን የሽቦ ኬጅ ስለከለከለ፣ ሌላው የጣለውን ማንሳት ደግሞ የቆየ ልማዳችን ስለሆነ፤

በኅዳር 2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዕንቁላል ከየልጁ ገበታ ይድረስ ሲል፣ «በማን ወጪ?» ብሎ የሚጠይቅ አለመኖሩ ለሥራ ስለሚያመች፤

የሚከተለው ታውጇል።

1. አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ «የመጫር ክልከላ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

2. ትርጓሜ
የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፦
ሀ) «ዶሮ» ማለት በአንድ በኩል መኖ ገብቶ በሌላ በኩል ዕንቁላል የሚወጣበት መሣሪያ ነው፤
ለ) «መኖሪያ» ማለት ስፋቱ ከአንድ ኤፎር ወረቀት የማይበልጥ ሽቦ ነው፤ ክንፏን መዘርጋት የፈለገች ዶሮ ማመልከቻዋን እዚያው ወረቀት ላይ ትጽፋለች፤
ሐ) «ሽታ» ማለት ከጎረቤት የሚነሳ መሠረተ ቢስ አሉባልታ ነው።

3. የጾታ አገላለጽ
በሌሎች ሕጎች በወንድ ጾታ የተገለጸው ሴትንም ይጨምራል። በዚህ አዋጅ ወንድ የለም። ለዕንቁላል ከሚፈለፈለው ዝርያ ወንዱ ጫጩት ስለማይጥል፣ ለሥጋም ቶሎ ስለማይደልብ፣ በተፈለፈለበት ዕለት ይሰናበታል። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ይህን መከልከሏ የጀርመን የውስጥ ጉዳይ ነው።

4. ስለ መጫር
መሬት መጫር፣ በአፈር መታጠብና ቆጥ ላይ መስፈር ክልክል ነው። «ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» የሚለው የአበው ሥጋት በዚህ ተወግዷል፤ ካራውን ጽሕፈት ቤቱ ያቀርባል። የሥጋ ዶሮ በ42 ቀኗ ግድም ትረከበዋለች። እስከዚያ ደረቷ እግሯን ቀድሞ አድጎ መቆም ቢያቅታት፣ መዝገብ ላይ «ዕድገት» ተብሎ ይሞላል።

5. ስለ መኖና ውሃ
10,000 ዕንቁላል ጣይ ዶሮዎች እያንዳንዳቸው በቀን 110 ግራም ሲበሉ 11 ኩንታል መኖ ያልቃል፤ የመኖውን እጥፍ ሲጠጡ ባለ 20 ሊትር 110 ጄሪካን ውሃ ይሄዳል። በአሰቦት ሙቀት ደግሞ ጥማቱ ይብሳል። ዝናብ ቀርቶበት ማሽላው የደረቀ ገበሬ ጄሪካኑን ይዞ ከዶሮዎቹ ኋላ ይሰለፍ። የሐበሻዋ ዶሮ ትራፊና ምስጥ እየለቀመች መኖሯ ግን ኢኮኖሚያዊ አሻጥር ነው።

6. ስለ ኩስ
ኩስ በልኩ ሲሆን የማሽላና የጫት ማዳበሪያ ነው። ከልኩ ሲያልፍ አሞኒያው ዓይን ያቃጥላል፤ ናይትሬቱም ወደ ጉድጓድ ውሃ ይሰርጋል። ዓይኑ ያነባ ነዋሪ በልማቱ ተደስቶ እንዳለቀሰ ይቆጠራል።

7. ስለ መድኃኒት
አንድ ጣሪያ ሥር ብዙ ታጉሮ አንዷ ካሳለች ሁሉም ያስላሉና፣ ለታመመችውም ላልታመመችውም አንቲባዮቲክ ከውሃ ጋር ይበጠበጣል። ፈንግል የቫይረስ በሽታ በመሆኑ የሚመክተው ክትባት እንጂ አንቲባዮቲክ አይደለም፤ ቢሆንም ብጥበጣው አይቋረጥም። መድኃኒቱን የለመደ ተሕዋስ ወደ ሰው ተሻግሮ የልጅ ቁስል አልድን ሲል ጉዳዩ የጤና ጣቢያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ለጤነኛ እንስሳ እንዳይሰጥ ያለው ምክር ነው፤ ይህ አዋጅ ነው።

8. ስለ ዋጋ
ዕንቁላሉ ርካሽ ይሆናል። የጎደለውን ዶሮዋ ለቅርፊቱ በምትከፍለው አጥንቷ፣ ጎረቤት በአፍንጫው፣ ጉድጓዱ በውሃው ይሞላሉ። ደረሰኝ አይቆረጥም።

9. የተሻሩ ሕጎች
«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት ከዚህ አዋጅ ጋር ስለሚቃረን ተሽሯል።

10. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
ይህ አዋጅ አውራ ዶሮ ከጮኸበት ንጋት ጀምሮ የጸና ይሆናል።

ማስታወሻ፦ በአንቀጽ 3 መሠረት የሚጮኽ ስለጠፋ፣ ጽሕፈት ቤቱ ከተራራው ግርጌ የሚኖሩ አንዲት እናት ያልተመዘገበ አውራ ዶሯቸውን ለአንድ ማለዳ እንዲያውሱት በትሕትና ጠይቋል። እሳቸውም፦ «የእኔ አውራ የሚጮኸው ሲነጋ እንጂ ሲታወጅ አይደለም» ብለው መልሰዋል።